ስለ ሕግ ተማሪዎችና ስለ ጥብቅና ፈተና



በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ወደ ጥብቅና ሙያ የሚገባ አዲስ ሰው ፈተና ማለፍ ይገባዋል። ይህ መልካም ነው፤ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የይግባኝ ጊዜ 60 ቀን መሆኑን የዘነጋ ጠበቃ የያዘ ባለጉዳይ ቤቱን ሊያጣ ይችላልና።

እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሠራ ነኝ። ወደ ክፍላችን የሚመጡት ወጣት የሕግ ምሩቃን ሕጉን ያውቃሉ፤ ነገር ግን መልስ በአማርኛ ጻፉ ሲባሉ ብዕራቸው ይዘገያል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፥ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ሥራ ግን በአማርኛ ነው።

ስለዚህ የሕግ ትምህርት ቤቶቻችን ሦስት ነገር ቢያደርጉ እላለሁ። አንደኛ፥ ተማሪው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ክስና ይግባኝ በአማርኛ እየጻፈ በመምህሩ እጅ ይታረምለት። ሁለተኛ፥ በሰዓት የተወሰነ የልምምድ ፈተና በየወሩ ይሰጠው፤ የሳተበትም ምክንያት ይነገረው። ሦስተኛ፥ የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች የሚያስገድድ ስለ ሆነ፥ ከሕጉ ጋር አብሮ ይጠና።

ይህ ሁሉ ለመጨረሻው ወር ከተተወ ግን ነገሩ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» ይሆናል። ጠበቃ ሲሳሳት የሚከፍለው ባለጉዳዩ ነውና መምህራን ያስቡበት።

አንድ አንባቢ፤ ከአዲስ አበባ