ተጨማሪ መረጃ፦ ደን ተራራ ይወጣል?

ከመካነ ሰላም ከተማ ብዙም በማይርቀው በቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ የደንቆሮ ጫካ ይገኛል። ከታች ወይራና ጽድ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ቀጥሎ አስታ፣ ከአናቱ የጓሳ ሣርና ጅብራ ታያላችሁ። ዛፎች ብርዱን መቋቋም አቅቷቸው የሚያበቁበት ከፍታ የዛፍ ወሰን ይባላል።

ወሰኑ ግን ቋሚ አይደለም። 100 ሜትር ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ቢጨምር፣ አስታ የለመደውን ቅዝቃዜ የሚያገኘው ወደ 170 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ዛፉ ባለበት ይቀራል፤ የሚወጣው ዘሩ ነው። ለዚያም ቡቃያው ከከብት፣ ከምሳርና ከእሳት መትረፍ አለበት።

ደን ሲስፋፋ ሁልጊዜ መልካም ይመስለናል። እዚህ ግን ደኑ ሽቅብ ሲወጣ የጓሳው ሜዳ ይጠብባል፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ አይጥ የሚያድነው በዚያ ገላጣ ሜዳ ላይ ነው። ከተራራው ጫፍ በላይ የሚሸሽበት መሬት የለውም።

እስቲ ሞክሩ፦ ከደጋ ወደ ቆላ ስትወርዱ፣ የትኛው ዛፍ የት ላይ እንደሚጠፋና በምን እንደሚተካ በማስታወሻችሁ መዝግቡ። አዛውንቶችንም «ድሮስ እስከ የት ይበቅል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ።