ስሙ አንድ፣ ዝርያው ሌላ፤ የዛንዚባር ቀይ የባሕር አረም እንዴት ይለያል?

«ባሕር ዛፍ» የሚለው የአማርኛ ስም ብዙ ዝርያዎችን በአንድነት ይጠቀልላል። ገበሬው ግን «ነጭ» እና «ቀይ» እያለ ይለያቸዋል። ነጩ፣ ማለትም ዩካሊፕተስ ግሎቡለስ፣ ደጋ የሚስማማው ሲሆን ቀዩ፣ ዩካሊፕተስ ካማልዱሌንሲስ፣ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ አገር ይወዳል። ችግኙን አሳስቶ የተከለ ሰው ድካሙ ከንቱ እንደ ቀረ የሚረዳው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። በመሆኑም ዝርያን ለይቶ ማወቅ ለፈተና ብቻ የሚጠና ነገር ሳይሆን የኑሮ ጉዳይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ በዛንዚባር፣ በሚለማው ቀይ የባሕር አረም ምሳሌነት ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. «ቀይ» ማለት ምን ማለት ነው?

የባሕር አረም የምንላቸው በሳይንስ አጠራር አልጌዎች (ዋቅላሚዎች) ናቸው። እውነተኛ ሥር፣ ግንድና ቅጠል የላቸውም፤ አበባም ሆነ ዘር አያወጡም፤ ምግባቸውን ከውሃው የሚስቡት በመላ አካላቸው ነው። ትልልቆቹ የባሕር አልጌዎች አረንጓዴ፣ ቡናማና ቀይ ተብለው በሦስት ይከፈላሉ። ከቀዮቹ ብቻ እስካሁን ከ7,000 በላይ ዝርያዎች ታውቀዋል።

ቀዮቹ ስማቸውን ያገኙት ፋይኮኤሪትሪን ከሚባለው ቀይ ቀለም ነው። ይህ ቀለም ወደ ጥልቅ ውሃ ዘልቆ የሚገባውን ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ተቀብሎ ለክሎሮፊል ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ የቀለሞቹ መጠን እንደ ብርሃኑና እንደ ዘሩ ስለሚለያይ፣ አንድ «ቀይ» አልጌ ለዓይን አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሊመስል ይችላል። በዛንዚባር የሚለሙት ዝርያዎችም አረንጓዴ፣ ቡናማና ቀይ መልክ ያላቸው አሏቸው።

ታዲያ አረንጓዴ መስሎ የሚታየውን ቀይ አልጌ የሚያሰኘው ምንድን ነው? አንደኛ፣ በየትኛውም የሕይወቱ ደረጃ በጅራፍ መሰል አካል (በፍላጀለም) የሚዋኝ ሴል የለውም፤ የወንዴው ሴል እንኳ የሚጓዘው በውሃው እንቅስቃሴ ነው። ሁለተኛ፣ ስታርቹን የሚያከማቸው ከክሎሮፕላስቱ ውጭ ነው። በአንጻሩ በቀይ ባሕር አልፎ አልፎ እየበዛ ውሃውን የሚያቀላው ትሪኮዴስሚየም ኒውክለስ የሌለው ሳያኖባክቴሪያ እንጂ ቀይ አልጌ አይደለም። ስለዚህ ቀለም ለመለየት መነሻ ቢሆን እንጂ መደምደሚያ አይሆንም።

ለ. የገበያ ስምና የሳይንስ ስም

ታንዛኒያዊው የአልጌ ሊቅ ኬቶ ምሺጌኒ ለረጅም ጊዜ ስለ አገራቸው የባሕር አረም ሲያጠኑና ስለ ጥቅሙ ሲያስተምሩ ቆይተዋል። በዛንዚባር እርሻው የተጀመረው በ1989 በኡንጉጃ ደሴት ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ መንደሮች ሲሆን የተተከለው ዘር ከፊሊፒንስ የመጣ ነበር። አብዛኞቹ አልሚዎች ሴቶች ናቸው። ባሕሩ ወደ ኋላ በሚሸሽበት ሰዓት በአሸዋው ላይ ችካል ይተክላሉ፤ በችካሎቹ መካከል ገመድ ይዘረጋሉ፤ በገመዱም ላይ ቁርጥራጩን እያሰሩ ያሳድጋሉ። በስዋሂሊ አረሙን «ምዋኒ» ይሉታል። ነጋዴዎች ደግሞ በሁለት ስም ይገዙታል፤ «ስፒኖሰም» እና «ኮቶኒ» እያሉ።

ችግሩ የሚጀምረው ከእነዚህ ስሞች ነው። ስፒኖሰም የተባለውን ቡርማን በ1768 ፉከስ ዴንቲኩላቱስ ብሎ ሰይሞት ነበር። በ1847 ስዊድናዊው ያኮብ አጋርድ ዩኬውማ የሚለውን ወገን አቋቁሞ ዩኬውማ ስፒኖሰም አለው። በአሰያየም ደንብ ግን ቀድሞ የተሰጠው የዝርያ ስም ስለሚጸና ዛሬ ትክክለኛው ስሙ ዩኬውማ ዴንቲኩላቱም ነው። አሮጌው ስም በገበያ ብቻ ቀርቷል።

የኮቶኒ ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ዩኬውማ ኮቶኒ የሚለውን ስም ቬበር ፋን ቦሰ በ1913 የሰጠችው ለሌላ ዝርያ ነበር። በእርሻ ላይ ያለው አልጌ ከዚያ የተለየ መሆኑን ተረድቶ በ1985 ዩኬውማ አልቫሬዚ ያለው ማክስዌል ዶቲ ነው። በ1988 ደግሞ ካፓፊከስ ወደተባለ አዲስ ወገን አዛወረው። እንግዲህ ነጋዴው «ኮቶኒ» የሚለው ካፓፊከስ አልቫሬዚ እንጂ እውነተኛው ኮቶኒ አይደለም ማለት ነው።

ሁለቱ እስከ አስተኔ ድረስ አንድ ናቸው። ክፍለ ስፍናቸው ሮዶፊታ፣ መደባቸው ፍሎሪዲዮፊሲዬ፣ ክፍለ መደባቸው ጂጋርቲናሌስ፣ አስተኔያቸውም ሶሊዬሪያሲዬ ነው። የሚለያዩት በወገን ነው።

ሐ. የመለያ ምልክቶች

1. ቅርጽ። የዩኬውማ ዴንቲኩላቱም ቅርንጫፍ እሾህ መሰል ጉጦች በየተወሰነ ርቀት ዙሪያውን ይከቡታል። የካፓፊከስ አልቫሬዚ ቅርንጫፍ ወፍራምና ለስላሳ ሲሆን ሥርዓት ያለው የእሾህ ክበብ የለውም። ነገር ግን ማዕበል፣ ብርሃንና የውሃ ጥልቀት ቅርጹን ይለውጡታል።

2. የመራቢያ አካል። በዩኬውማ ላይ የፍሬው አካል የሚወጣው በጎን ጉጦቹ ላይ ሲሆን፣ በካፓፊከስ ላይ ግን ዋናው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ይህ ለሊቃውንት ጠቃሚ ምልክት ነው። ሆኖም አልሚዎቹ የሚያራቡት በቁርጥራጭ በመሆኑ ፍሬው በእርሻ ላይ እምብዛም አይታይም።

3. ኬሚስትሪ። ሁለቱም ካራጂናን የሚባል ጄል የሚሠራ ንጥረ ነገር ይሰጣሉ። ይህም አይስክሬምን፣ የቸኮሌት ወተትንና የጥርስ ሳሙናን ለማርጋት ያገለግላል። ከዩኬውማ ዴንቲኩላቱም የሚገኘው አዮታ ካራጂናን ከካልሲየም ጋር ለስላሳና የሚለጠጥ ጄል ይሠራል። ከካፓፊከስ አልቫሬዚ የሚገኘው ካፓ ካራጂናን ግን ከፖታሲየም ጋር ጠንካራና ተሰባሪ ጄል ይሆናል። የወገኑ ስምም ከዚሁ «ካፓ» የመጣ ነው።

4. ዲ.ኤን.ኤ.። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ምርመራዎች በዓለም ዙሪያ የሚለሙት የካፓፊከስ አልቫሬዚ ዘሮች እርስ በርሳቸው በጣም የሚቀራረቡ መሆናቸውን፣ የምሥራቅ አፍሪካ ነባር ካፓፊከስ ግን ከእነርሱ የተለየ የዘር ሐረግ እንዳለው አሳይተዋል። ይህን ልዩነት ዓይን ብቻውን አያገኘውም።

እንደምናየው እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ድክመት አለው። አስተማማኝ ውሳኔ የሚገኘው ብዙ ምልክቶች አንድ ላይ ሲመሰክሩ ነው።

መ. ልዩነቱ ለአልሚዋ ምን ይፈይዳታል?

ኮቶኒ በገበያ ከስፒኖሰም የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ሙቀትን የመቋቋም አቅሙ ግን ያነሰ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ሲሞቅ አካሉ እየነጣ ይበጣጠሳል። በዚህ ምክንያት ከ2000 ወዲህ በብዙ የዛንዚባር መንደሮች ኮቶኒ እየሞተ፣ ሴቶቹ ዋጋው ዝቅ ባለው ስፒኖሰም ለመወሰን ተገደዋል። ኮቶኒን ወደ ጠለቅ ያለ ውሃ ማውረድ ተሞክሯል፤ ይሁንና ጀልባና የዋና ችሎታ ስለሚጠይቅ ለሁሉም አልተመቸም።

ሙቀቱን የሚችል ዘር ለመፈለግ ደግሞ ነባሮቹን ዘሮች ከመጤዎቹ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ሁሉም «ኮቶኒ» እየተባሉ በአንድ ገመድ ከታሰሩ የትኛው እንደ ሞተና የትኛው እንደ ተረፈ ማወቅ አይቻልም። የስም መሳሳት የተስፋን መንገድም ይዘጋል ማለት ነው።

ሠ. በክፍል ውስጥ የሚሠራ መልመጃ

ባሕር በሌለበት አካባቢ ያለ መምህር ይህን ትምህርት በባሕር ዛፍ ሊያስተምር ይችላል። ተማሪዎች ከነጭና ከቀይ ባሕር ዛፍ ቅጠልና ፍሬ ያምጡ። ከነጩ የለጋውንም የጎለመሰውንም ቅጠል ማምጣታቸው ይጠቅማል። ለጋው ቅጠል ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ያለ አንገት ከግንዱ ጋር የተያያዘና ጥንድ ጥንድ ሲሆን፣ የጎለመሰው ማጭድ መሳይ ነው። ያልጠነቀቀ ተማሪ የአንዱን ዛፍ ቅጠሎች ሁለት ዝርያ ብሎ ይመድባቸዋል። ከዚያም ፍሬውን ያነጻጽሩ፤ የነጩ ትልቅና ብቻውን የሚወጣ፣ የቀዩ ግን ትንንሽና በዘለላ የሚወጣ ነው።

በመጨረሻም ተማሪዎቹ የሚከተሉትን ጥያቄዎች ይወያዩባቸው።

1. ካያችኋቸው ምልክቶች በዕድሜ ወይም በቦታ የሚለወጡት የትኞቹ ናቸው? የማይለወጡትስ?
2. በአካባቢያችሁ አንድ ስም ለሁለት ዝርያ፣ ወይም ሁለት ስም ለአንድ ዝርያ የተሰጠበት ተክል አለ? ሽማግሌዎችን ጠይቁ።
3. ዩኬውማንና ካፓፊከስን የሚለይ ባለ ሁለት ምርጫ የመለያ ቁልፍ አዘጋጁ። የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ስለ ቀለም እንዳይሆን የሚያስገድዳችሁ ምክንያት ምንድን ነው?