ስለ መክሳት፤ ሰውነታችን እንዴት ይቈጥባል?

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ከጓደኞቻችን አንዷ ለመክሳት ብላ ቁርስና ራት ትታ በሻይ ከረመች። በአራተኛው ሳምንት በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ራሷን ስታ ወደቀች። ምግብ በጀመረች በጥቂት ወራት ውስጥ ግን ያጣችው ክብደት ከነወለዱ ተመለሰ። እኛም «ቈራጥነት የላትም» ብለን አማናት። ተሳስተን ነበር።

የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ካሎሪ ስንጽፍ የሳይንስ ወንድሞቻችን ፈገግ ይሉ ይሆናል፤ ነገሩ የሁላችንም ነውና ይታገሡን።

ሰው የሚከሳው ከሚበላው ኃይል የሚያወጣው ሲበልጥ ነው፤ ይህ አያከራክርም። ስሕተታችን ወጪው ቋሚ ነው ብለን ማሰባችን ነው። ተኝተን ሳለ እንኳ ልብ፣ አንጎልና ጉበት ኃይል ይፈጃሉ፤ ከዕለት ወጪያችን የሚበዛውም ይኸው ነው። ምግብ በብርቱ ሲቀነስ ሰውነት ረኀብ መጣ ብሎ ይህን ወጪ ይቈጥባል።

ለዚህ ምስክራችን በ1937 ዓ.ም. አንሰል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ያደረጉት ጥናት ነው። 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት ከወትሮው ግማሽ ያህል ብቻ እየበሉ፣ በየሳምንቱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዱ ነበር። ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጡ። ነገር ግን በዕረፍት ጊዜ ሰውነታቸው የሚያወጣው ኃይል በ40 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ብርድ አላስቀምጥ አላቸው፤ ሐሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹም የወጥ ቤት መጽሐፍ ማንበብ ያዙ። እንደ ልብ መብላት ሲፈቀድላቸውም ስቡ ከጡንቻው ቀድሞ ተመለሰ።

ስፖርትስ? በ2004 ዓ.ም. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በታንዛኒያ የሚኖሩት የሀድዛ አዳኞች ከምዕራባውያን እጅግ አብልጠው ቢንቀሳቀሱም፣ የሰውነታቸው መጠን ታስቦ ሲነጻጸር የዕለት ወጪያቸው ከእነርሱ አይበልጥም። ስለዚህ ሩጫ ብቻውን ብዙ አያከሳም፤ ጡንቻን ግን ይጠብቃል፤ የወረደው ክብደት እንዳይመለስም ያግዛል።

እንግዲህ መክሳት የሚያስፈልገው ሰው ቢኖር ስኳሩንና ዘይቱን ይቀንስ፤ ምስሩንና ጎመኑን አይተው፤ በእግሩ ይሂድ፤ ሳምንት ሳይሆን ወራት ይቍጠር። ጓደኛችንንም ከእንግዲህ አንማት፤ ሰውነቷ ያን ያደረገው ከረኀብ ሊያድናት ብሎ ነውና።