የፕሬስቢቴሪያን ቄሶች ቤተሰብ ወረቀቶችና የታችኛው ኦሞ ታሪክ ጥናት

የደቡብ ኦሞን ሕዝቦች ታሪክ የሚያጠና ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር የጽሑፍ ማስረጃ ማነስ ነው። ዳሰነች፣ ሐመር፣ ሙርሲ፣ ኛንጋቶምና ሌሎቹም የአካባቢው ሕዝቦች ያለፈውን ዘመን በትረካ፣ በዘፈንና በዕድሜ እርከኖቻቸው ስም ሲጠብቁ ኖረዋል እንጂ በብራና አላሰፈሩትም። መቀመጫው ጂንካ ከነበረው ከቀድሞው የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ የወጣውን የመሰለ የመንግሥት መዝገብም በጠባዩ ስለ ግብር፣ ስለ ጸጥታና ስለ ክርክር እንጂ ስለ ሕዝቡ የዕለት ኑሮ ብዙ አይናገርም። ስለዚህ ተመራማሪው ሌላ ምንጭ ለመፈለግ ይገደዳል። ከእነዚህ ምንጮች አንዱ በአሜሪካ ቤተ መዛግብት የተከማቸው የፕሬስቢቴሪያን ቄሶችና የቤተሰቦቻቸው ወረቀት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ወረቀት ጠባይ፣ አነባበቡንና ለታችኛው ኦሞ ጥናት የሚሰጠውን ጥቅም ማስረዳት ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ እነዚህ ቄሶች ይህን ያህል ወረቀት ስለ ምን ተዉ? መልሱ ከቤተ ክርስቲያናቸው አስተዳደር ጋር የተያያዘ ነው። ፕሬስቢቴሪያን የሚለው ስያሜ ሽማግሌ ከሚለው የግሪክ ቃል የተገኘ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትተዳደረው በጳጳስ ሳይሆን አንዱ ከሌላው በላይ በሆኑ የቄሶችና የምርጥ ሽማግሌዎች ጉባኤዎች ነው። የላይኛው ጉባኤ የታችኛውን ሥራ የሚያውቀው በቃለ ጉባኤና በዓመታዊ ዘገባ ስለሆነ፣ በኦሞ ዳር የተቀመጠ ሚሲዮናዊ ለአዲስ አበባ፣ አዲስ አበባም ለአሜሪካ መጻፍ ግዴታቸው ነበር። ዳሰነቾችም «ኮርማዎች» በሚሏቸው ሽማግሌዎች ጉባኤ ይተዳደሩ ነበር። እንግዲህ በኦሞ ዳርቻ ሁለት የሽማግሌ አስተዳደሮች ተገናኙ ማለት ነው፤ አንደኛው ውሳኔውን በወረቀት ይጠብቃል፣ ሁለተኛው በቃል። ታሪክ ጸሓፊው የአንደኛውን ብቻ ቢያነብ የስብሰባውን ግማሽ ብቻ እንደ ሰማ ይቆጠራል።

ሚሲዮኑ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በሱዳን በኩል ነው። የሰሜን አሜሪካ ዩናይትድ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በሱዳን ሥራዋን የጀመረችው በ1900 ሲሆን፣ ከዚያ የተላኩት ዶክተር ቶማስ ላምቢ በ1919 ወደ ሰዮ፣ ማለትም ወደ ደምቢ ዶሎ መጡ። ከዚህ ሥራ የተገኙት ምእመናን በ1947 የቤቴል ቤተ ክርስቲያንን አቋቋሙ፤ እርስዋም በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። በአሜሪካ በኩልም ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1958 እና በ1983 ከሌሎች ጋር ስለ ተዋሐደች፣ የመዝገቦቹ አርእስት ከዘመን ዘመን ይለያያል። ዋናው ክምችት በ1852 በተመሠረተው በፊላደልፊያው የፕሬስቢቴሪያን ታሪክ ማኅበር ይገኛል። ከአሜሪካ ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን የተላኩ ሠራተኞችም በዚሁ ሚሲዮን ውስጥ ያገለግሉ ስለ ነበር፣ ተመራማሪው በኒው ጀርሲ፣ በኒው ብራንስዊክ ያለውን የዚያችን ቤተ ክርስቲያን መዝገብም መመልከት ይገባዋል።

ከቤተሰብ ወረቀቶች መካከል ለምሳሌነት የሚበቃው የማክሉር ቤተሰብ ነው። ቄስ ዶን ማክሉር በ1906 በፔንሲልቬኒያ ተወልደው በ1928 ወደ ካርቱም በአስተማሪነት መጡ፤ ከዚያም በአኮቦ ከአኙዋኮች ጋር ሠሩ፤ በ1950 ድንበር ተሻግረው በባሮ ወንዝ ዳር በፖክዎ ጣቢያ መሠረቱ። በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ተቀምጠው የሚሲዮኑን ሥራ ሲመሩ፣ የታችኛው ኦሞ ሥራም ከሚመለከታቸው ጉዳዮች አንዱ ነበር። መጋቢት 27 ቀን 1977 በጎዴ በታጣቂዎች እጅ ተገደሉ። ወንድ ልጃቸውም በዚያው አገልግሎት ውስጥ ነበሩ፤ የሴት ልጃቸው ባል ቻርልስ ፓርቲ ደግሞ ቄስና በፒትስበርግ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ መምህር ነበሩ። የማክሉር ደብዳቤዎች በ1954 ለቤተ ክርስቲያን አንባቢዎች ተሰናድተው ታተሙ፤ ፓርቲም በእነዚሁ ወረቀቶች ተመሥርተው በ1990 የአማታቸውን የሕይወት ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ።

ከዚህ እንደምንረዳው አንድ ነገር ወደ እኛ እስኪደርስ በሦስት ወንፊት ያልፋል። የመጀመሪያው ወንፊት ራሱ ደብዳቤ ጸሓፊው ነው፤ ገንዘብ ለሚያዋጡለት ምእመናን ሲጽፍ አደጋውንና ድሉን ያጎላል፣ ለእናቱ ሲጽፍ ደግሞ አደጋውን ያሳንሳል። ሁለተኛው አሳታሚው ነው፤ የቤተ ክርስቲያን አንባቢን የማያንጸውን ይተወዋል። ሦስተኛው ቤተሰቡ ነው፤ የአባትን ክብር መጠበቅ የልጅ ወግ ነውና። ይህን ማለት ጽሑፉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። የተጣለው ከተያዘው እንዲለይ የታተመውን ከዋናው ደብዳቤ፣ ደብዳቤውንም ከዘገባው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል ማለት ነው። በተሞክሮ እንደሚታወቀው፣ ከስብከቱ ይልቅ ጸሓፊው ሳያስበው ያሰፈረው ነገር የበለጠ ይታመናል፤ የመድኃኒት ዝርዝር፣ የእህል ዋጋ፣ አውሮፕላን ያላረፈበት ቀን፣ የወንዙ መሙላትና መጉደል።

በኦሞራቴ አጠገብ በነበረው ጣቢያ የተሠራው ሥራ ይህን በጉልህ ያሳያል። ዳሰነቾች የሚያርሱት በሰማይ ዝናብ ብቻ አልነበረም። በደጋው የዘነበው ክረምት ኦሞን ሞልቶ በነሐሴና በመስከረም ዳርቻውን ያጥለቀልቃል፤ ውሃው ሲሸሽ በተወው ርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘራል። ጎርፉ ባነሰበት ዓመት ረኃብ ይመጣል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሚሲዮኑ ይህን ለመርዳት ከቀርጤስ ደሴት የነፋስ ወፍጮ አሠራር ወስዶ፣ በጨርቅ ሸራ የሚዞሩ የውሃ መሳቢያዎችን በጣቢያው እየሠራ በወንዙ ዳር ተከለ፤ ትናንሽ የአትክልት ቦታዎችም በእነርሱ ጠጡ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ፒተር ፍራንክል ስለዚህ ሥራ የጻፈው ዘገባ በ1975 በለንደን ታትሟል። መሐንዲሱ የሚጠይቀው የሸራውን ስፋትና የውሃውን መጠን ነው። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ቀድሞ የወንዝ ዳር መሬት በማን እጅ ነበር? መሳቢያው የተተከለለት ሰው ከከብት ጓደኞቹ ጋር የነበረው ግዴታ ተለወጠን? ለእነዚህ ጥያቄዎች የጣቢያው ሠራተኞች ወረቀት ከመሐንዲሱ መጽሐፍ ይልቅ ቅርብ ምስክር ነው።

መዝገቡን የሚፈልግ ተማሪ የዘመኑን ስሞች ማወቅ አለበት። ዳሰነች የተጻፈው በብዙ ቦታ «ገለብ» ተብሎ ነው፤ ቱርካና ሐይቅም እስከ 1975 ሩዶልፍ ይባል ነበር፤ ሚሲዮኑ ራሱ በኢትዮጵያ የታወቀው «የአሜሪካ ሚሲዮን» በሚል ስም ነው። ከዚህም ጋር በዚያው ዘመን የተሠሩ የሥነ ሕዝብ ጥናቶች ለማመሳከሪያ ይረዳሉ። ኡሪ አልማጎር በዳሰነች መካከል ያጠኑት ከ1968 እስከ 1970 ሲሆን፣ ስለ ወዳጅነት ትስስር የጻፉት መጽሐፍ በ1978 ታተመ፤ የክላውዲያ ካር ጥናት ደግሞ በ1977 ወጣ። ሰባኪ «ዲሚ» የተባለውን በዓል ቢያይ ብዙ ከብት የጠፋበት የአሕዛብ ድግስ ብሎ ሊጽፈው ይችላል፤ የሥነ ሕዝብ ተመራማሪ ግን አባት ስለ ሴት ልጁ የሚመረቅበትና ወደ ሽማግሌነት የሚያልፍበት ሥርዓት መሆኑን ያስረዳል። ሆኖም ሰባኪው በዓሉ የዋለበትን ወርና ዓመት ጽፎ ከሆነ፣ ያ ቀን ለተመራማሪው ዋጋ አለው።

የቄስ ቤተሰብ ወረቀት ሲባል የውጭ ሰው ብቻ መታሰብ የለበትም። በሕፃንነታቸው ዓይናቸው የጠፋው የሰዮው ቄስ ጊዳዳ ሶለን የሕይወት ታሪካቸውን በቃል እየተናገሩ አስጽፈው በ1972 በእንግሊዝኛ ታትሟል። ልጃቸው ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ፣ ኋላ ከ1995 እስከ 2001 የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የሆኑት፣ በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ በ1984 ያቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ ስለ ሰዮ ኦሮሞ ታሪክ ነበር። አባት ቃሉን በሌላ ሰው እጅ አስጻፈ፤ ልጅ የሽማግሌዎችን ቃል በራሱ እጅ ጻፈ። የደቡብ ኦሞ ልጆችም እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠሩበት ጊዜ ደርሷል።

ጉዳዩ የሚያስቸኩልበት ምክንያት አለ። የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውሃ መያዝ ከጀመረበት ከ2015 ወዲህ የኦሞ ዓመታዊ ጎርፍ እንደ ቀድሞው አይመጣም። በጎርፉ የተመሠረተው እርሻ፣ የወንዝ ዳር መሬት ባለቤትነትና በዚያ ላይ የቆመው ዝምድና ሁሉ ከእንግዲህ በዓይን ታይቶ የሚጠና ሳይሆን ከማስረጃ የሚገኝ ሆኗል። የ1960ዎቹንና የ1970ዎቹን ጎርፍ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ቁጥር በየዓመቱ ይቀንሳል፤ ወረቀቱ ደግሞ ባሕር ማዶ ነው። ሽማግሌው ዓመቱን በቁጥር አይናገርም፤ ወረቀቱ ምክንያቱን አይናገርም። ሁለቱ በአንድ ቦታ ቢገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ስለዚህ የታችኛው ኦሞን የሚመለከተው ክፍል ቅጂ ተነሥቶ በጂንካ እንዲቀመጥ መጣር ይገባል። በዚያ የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም አለ፤ ዩኒቨርሲቲም ተከፍቷል። ቅጂው ከመጣ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ ደብዳቤዎቹን በዳሰነችኛ ተርጉሞ በኦሞራቴና በዙሪያዋ ላሉ ሽማግሌዎች ማንበብ፣ የሚሉትንም ከደብዳቤው ጎን መጻፍ ነው። የግለሰብ ሕመምና የቤት ምስጢር የሚገኝበትን ገጽ ግን ባለቤቱ ወይም ልጆቹ ሳይፈቅዱ ማውጣት አይገባም። ሚሲዮናዊው ሲጽፈው ስለ እነርሱ ነበር፤ አሁን ሲነበብ ግን በፊታቸው ሊሆን ይገባል።