የሞተር ዘይትን በመምጠጫ ፓምፕ መቀየርና የተቃጠለው ዘይት ማረፊያ

የተሽከርካሪን ሞተር ዘይት ለመቀየር የግድ ጉድጓድ ያለው ጋራዥ መሄድ ወይም መኪናውን በክሪክ አንስቶ ከሥሩ መተኛት አያስፈልግም፡፡ በእጅ ወይም በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ የዘይት መምጠጫ ፓምፕ ያለው ሰው ሥራውን በግቢው ማከናወን ይችላል፡፡ ይሁንና ፓምፑ ዘይቱን ከሞተሩ ከማውጣት ያለፈ ተግባር የለውም፡፡ የወጣው የተቃጠለ ዘይት የት ይድረስ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በባለቤቱ ነው፡፡

ዘዴው በተለይ ጭድ ተራን በመሰሉ፣ ተሸካሚና ጫኝ መኪና በሚተራመስባቸው የመርካቶ ሠፈሮች ለሚኖሩና ለሚሠሩ ባለመኪናዎች ጠቀሜታ አለው፡፡ በጠባብ መንገድ ዳር ከመኪና ሥር ገብቶ መሥራት ለአደጋ ያጋልጣልና፡፡ ከዚህም ሌላ መንግሥት በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ በእጅ ያሉትን መኪናዎች በወቅቱ ዘይታቸውን እየቀየሩ ዕድሜያቸውን ማራዘም ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል፡፡

ፈሳሽ በቱቦ በራሱ ኃይል እንዲወርድ የሚቀበለው ዕቃ ከፈሳሹ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ይኖርበታል፡፡ የሞተር ዘይት የሚጠራቀመው ግን በሞተሩ የታችኛው ክፍል፣ ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ነው፡፡ ስለዚህ ዘይቱ ሽቅብ የሚወጣው ፓምፑ በሚፈጥረው የመሳብ ኃይል ነው፡፡ ፓምፕ በማጣት ቱቦውን በአፍ መሳብ ፈጽሞ የማይገባ ነው፡፡ ወደ ሳንባ የገባ ዘይት ብርቱ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል፡፡

ሥራው የሚጀመረው መኪናውን በደልዳላ ቦታ አቁሞ የእጅ ፍሬኑን በመያዝ ነው፡፡ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃዎች ሠርቶ ዘይቱ ለብ ሲል ይቀጥንና በቀላሉ ይሳባል፡፡ ረጅም መንገድ ተጉዞ የገባ መኪና ግን ዘይቱ ቆዳ የሚያቃጥልና የፕላስቲክ ቱቦ የሚያለሰልስ በመሆኑ እስኪበርድ መጠበቅ ይገባል፡፡ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ የዘይት መጠን መለኪያው ዘንግ ይወጣል፤ በምትኩ የፓምፑ ቀጭን ቱቦ ወለሉን እስኪነካ ድረስ ይገባል፡፡ ፓምፑ አየር መሳብ ሲጀምር ቱቦውን ከፍ ዝቅ አድርጎ የቀረውን ማውጣት ይቻላል፡፡

የወጣውን ዘይት መለካት ሊዘነጋ አይገባም፡፡ የአነስተኛ አውቶሞቢሎች ሞተር በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሊትር ዘይት ይይዛል፡፡ ትክክለኛው መጠንና የዘይቱ ዓይነት በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ሰፍሯል፡፡ ከተጠቀሰው እጅግ ያነሰ ከወጣ ቱቦው ወለሉን አልነካም፣ አለዚያም ሞተሩ ዘይት ሲያጎድል ቆይቷል ማለት ነው፡፡ ይህን ሳያጣሩ ሙሉውን መጠን መጨመር ዘይቱ ከልክ እንዲያልፍ ያደርጋል፡፡ ፊልትሮው ከተቀየረ በኋላ አዲሱ ዘይት ከሙሉ መጠኑ ጥቂት ቀንሶ ይሞላል፤ ሞተሩ ለአንድ ደቂቃ ያህል ሠርቶ ይጠፋል፤ ዘይቱ ወደታች እስኪወርድ ተጠብቆ በዘንጉ ይለካና ጉድለቱ ይሟላል፡፡

ዘዴው ጉድለትም አለው፡፡ በሞተሩ ወለል የተኛ ዝቃጭና የብረት ብናኝ በቱቦ ሙሉ በሙሉ አይወጣም፡፡ በአንዳንድ ሞተሮች ደግሞ የዘንጉ መግቢያ ቱቦውን እስከ ወለሉ አያደርስም፡፡ በመሆኑም አልፎ አልፎ በሥር ያለውን የዘይት መፍሰሻ ቡሎን አስፈትቶ ማስፈሰስ፣ የብረት ብናኝ መኖር አለመኖሩንም መመልከት ይበጃል፡፡ ለዘይት የተሠራን የኤሌክትሪክ ፓምፕ ቤንዚን ለመሳብ መጠቀም ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፡፡

የተቃጠለ ዘይት በአገራችን እንደ ጠቃሚ ዕቃ ሲታይ የኖረ ነው፡፡ ጭድ ተራ ስሙን የወሰደው ለከብት መኖና ለጭቃ ቤት ምርጊት ከሚውለው ጭድ ሲሆን፣ በዚያው ጭድ ቤቱን የሚመርግ ሰው መሬት የሚገባውን የእንጨት ጫፍ ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል፡፡ ነገር ግን ዘይቱ በሞተር ውስጥ ሲሠራ ከብረት ብናኝ በተጨማሪ ካንሰር እንደሚያመጡ የታወቁ ውህዶችን ይሰበስባል፡፡ በባዶ እጅ መንካቱ ጎጂ ስለሆነ ጓንት ማድረግ ያስፈልጋል፡፡

ወደ ቦይ የተደፋ ዘይት ደግሞ እዚያው አይቀርም፡፡ ከምዕራባዊው የአዲስ አበባ ክፍል የሚወርዱ ጅረቶች ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባሉ፤ ከዚያም በአባ ሳሙኤል ግድብ አልፈው አዋሽን ይቀላቀላሉ፡፡ በአቃቂ ውሃ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች ምርት ተመልሶ ወደ ከተማዋ ገበያ ይመጣል፡፡ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚገልጸው ከአንድ ጊዜ የዘይት ቅያሪ የሚወጣ የተቃጠለ ዘይት 1 ሚሊዮን ጋሎን ወይም ወደ 3 ነጥብ 8 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ንጹህ ውሃ ሊበክል ይችላል፡፡

ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የባዝል ስምምነት ከአገልግሎት ውጪ የሆነ የማዕድን ዘይትን በቁጥጥር ሥር ከሚውሉ ቆሻሻዎች ይመድበዋል፡፡ በአገር ውስጥም የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ወጥቷል፡፡

በመሆኑም በቤቱ ዘይት የሚቀይር ሰው የወጣውን ዘይት ከውሃ፣ ከቤንዚንና ከራዲያተር ፈሳሽ ሳይቀላቅል በሚከደን ጄሪካን አጠራቅሞ፣ የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ማስረከብ ይጠበቅበታል፡፡ ጄሪካኑም ምልክት ሊደረግበትና ለሌላ አገልግሎት ሊከለከል ይገባል፡፡ ያገለገለ ጄሪካን በመርካቶ ተመልሶ የሚሸጥ ዕቃ እንደመሆኑ፣ ዛሬ የተቃጠለ ዘይት የያዘው ነገ በማያውቅ ቤተሰብ እጅ ገብቶ የመጠጥ ውሃ ሊቀዳበት ይችላልና፡፡