ዓባይን ሽቅብ ወደ ወለጋ፦ ኦኔሲሞስና ምሕረት

ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱ። ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ስትሄዱ የምትሻገሩትን ዲዴሳን ፈልጉና ውኃው ወዴት እንደሚሄድ በጣታችሁ ተከተሉት። ዓባይ ውስጥ ይገባል። ዓባይ ደግሞ በረሃውን ሰንጥቆ፣ ድንበር ተሻግሮ፣ ሮሴሬስን አልፎ ካርቱም ይደርሳል። ውኃው የይለፍ ወረቀት የሚጠይቀው የለም።

ከ140 ዓመታት በፊት አንድ ባልና ሚስት ይህንኑ መስመር በተቃራኒው፣ ከታች ወደ ላይ ሊጓዙት ተነስተው ነበር። ባል ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ ሚስት ምሕረት ኃይሉ ይባላሉ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ወለጋ መግባት። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከኢሉባቦር እስከ ስዊድን

ኦኔሲሞስ ወላጆቹ ያወጡለት ስም አይደለም። በ1856 ገደማ ኢሉባቦር ውስጥ ሁሩሙ አካባቢ የተወለደው ልጅ ስሙ ሂካ ነበር። ቃሉ በኦሮምኛ ከመፍታት ጋር የተያያዘ ነው፤ ቋጠሮ መፍታትም፣ ቋንቋ መፍታትም። ተርጓሚ እንደ ማለት ነው። ያኔ ይህ ስም የዕድሜ ልክ ሥራው እንደሚሆን ማንም አላወቀም።

ልጁ ገና በለጋ ዕድሜው አባቱን አጣ። በ1869 ደግሞ የባሪያ ነጋዴዎች አፍነው ወሰዱት፤ ነሲብ የሚለውን ስም ያወጡለትም እነሱ ናቸው። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ሲሸጥ ሲለወጥ ቀይ ባሕር ዳር ምጽዋ ደረሰ። ከዚህ በኋላ የሚጠብቀው ጀልባ ላይ ተጭኖ ባሕሩን መሻገር ነበር። ነገር ግን በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለው ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አወጣውና ለምጽዋ ቅርብ በሆነችው እምኩሉ፣ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገባው። በ1872 ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይህ ስም በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሐዋርያው ጳውሎስ ደብዳቤ የጻፈለት ባሪያ ስም ነው።

ቀጥሎ ስዊድን፣ ዮሃንሉንድ በሚባል የሚሲዮን ተቋም አምስት ዓመት ተማሩ። እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን በ1881 ወደ ምጽዋ ተመለሱ፤ ምሕረት ኃይሉን አገቡ። አዲስ ተጋቢዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ከሚሲዮኑ ቡድን ጋር ለወለጋ መንገድ ተነሱ።

ጀልባው የማይደርስበት

ታዲያ ከምጽዋ ወለጋ ለመግባት በሱዳን ዞሮ ምን ያደርጋል? ትላላችሁ። ቀጥተኛው መንገድ በትግራይ ነው፤ እሱ ግን ለሚሲዮኖች የሚያስተማምን አልነበረም። የቀረው ዙሪያ ጥምጥሙ ነው። በዚያ ዘመን መንገደኛ ከምጽዋ በባሕር ወደ ሱዋኪን ይሄዳል፣ ከሱዋኪን በግመል በረሃውን አቋርጦ አባይ ዳር በርበር ይደርሳል፣ ከዚያ በጀልባ ሽቅብ ወደ ካርቱም ይወጣል። ከካርቱም ደግሞ ዓባይን ተከትሎ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ ነው።

ችግሩ ዓባይ ራሱ ነው። ጀልባ ከካርቱም ሮሴሬስ ድረስ ውኃው ሲሞላ ይወጣል። ከዚያ በላይ ግን ወንዙ በድንጋይ ላይ እየዘለለ የሚወርድ ፏፏቴ ስለሆነ በእግር ወይም በከብት እንጂ በጀልባ አይሞከርም። እነኦኔሲሞስ እንደምንም ፋማካ ደረሱ። ፋማካ ዛሬ የህዳሴ ግድብ ካለበት ድንበር ማዶ፣ ወደ አሶሳ አቅጣጫ ያለች ቦታ ናት። የወለጋ ደጋ ከዚያ በኋላ ሩቅ አይደለም።

ግን አላለፉም። ከፋማካ ወዲህ መግቢያ አጥተው የመጡበትን መንገድ ተመለሱ። ሚያዝያ 10 ቀን 1882 ካርቱም ሲደርሱ የማህዲ አመፅ እየተቀጣጠለ ነበር። ኦኔሲሞስ እዚያው በኃይለኛ ንዳድ ወደቁ። ሲሻላቸው ባልና ሚስቱ ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ጉዞው በዚህ አለቀ። ሰላም ገቡ፤ የገቡት ግን ቤታቸው አይደለም።

ያ በር ከዚያ በኋላም አልተከፈተም። በ1885 ካርቱም በማህዲስቶች እጅ ወደቀች። ከዚያ በፊት፣ በዚያው በ1882 ክረምት መግቢያ ላይ፣ ሆሮ ጉድሩ ውስጥ እምባቦ ላይ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገዋል። ስለዚህ የወለጋ መግቢያ ቁልፍ ከሱዳን ወደ ሸዋ ዞሯል። ኦኔሲሞስም በ1886 እንጦጦ ድረስ ሄደው ሞከሩ። የማለፍ ፈቃድ አላገኙም፤ እንደገና ወደ እምኩሉ።

መንገዱ ሲዘጋ

እንግዲህ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለቴ የተመለሰ ሰው በቃኝ ቢል ማን ይፈርድበታል? ኦኔሲሞስ ግን እግራቸው ያልደረሰበት አገር ቋንቋቸው ቀድሞ እንዲገባ ቁጭ ብለው መጻፍ ያዙ። የሚገርመው ደግሞ ዋናዋ አጋዣቸው የመጣችው ከጀልባ ላይ ነው። አስቴር ጋኖ የተባለችው ወጣት ወደ ዓረብ ምድር ልትሸጥ ስትወሰድ በ1886 የጣሊያን መርከብ ጀልባውን ይዞ ነፃ ወጣች፤ እምኩሉም ገባች። አስቴር ከልጅነቷ ጀምሮ የሰማቻቸውን ተረቶች፣ ዘፈኖች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና እንቆቅልሾች 500 ያህል ሰብስባለች፤ የቋንቋውን ቃላትም በብዛት መዝግባለች። በ1893 አዲስ ኪዳን፣ በ1894 የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ፣ በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ታተመ። የመጨረሻው የታተመው ስዊዘርላንድ፣ ቅድስት ክሪሾና ነው።

በ1904 ኦኔሲሞስ ነቀምቴ ገቡ። ታፍነው ከተወሰዱ 35 ዓመት፣ ከምሕረት ጋር ለወለጋ ከተነሱ 23 ዓመት ሆኗል። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ማለትም ኩምሳ ሞረዳ፣ በክብር ተቀበሏቸው። አስቴርም አብራ ገባች። ከጎናቸው ያሉት ባለቤታቸው ግን ልድያ ዲምቦ ናቸው። ምሕረት ወለጋን ሳያዩ ቀደም ብለው አርፈዋል።

ባኬ ጃማም ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አልሆነም። ስብከታቸው ክስ አስነሳባቸው፤ አጼ ምኒልክ ነቀምቴ እንዲኖሩ ፈቀዱ እንጂ ስብከቱን ከለከሉ። እስከ 1916 ድረስ ሥራቸው ትምህርት ቤታቸው ሆነ፤ በዚያ ዓመት ልጅ ኢያሱ ፈቃድ ሰጧቸው። በ1931 እዚያው ነቀምቴ አረፉ። ዓይራ ያለው ሴሚናሪ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

በስማቸው የሚጠራ ሴሚናሪ ያላቸው እሳቸው ናቸው። በ1881 ትዳሯን በመንገድ የጀመረች፣ እስከ ፋማካ ሄዳ የተመለሰች፣ ንዳድ ከጣለው ባሏ ጋር እምኩሉ የገባች ሴት ግን ነበረች። የወለጋን ታሪክ ለጓደኛችሁ ስታወሩ ኦኔሲሞስ ስትሉ ምሕረትንም ጥሯት። የመጀመሪያው ጉዞ የሁለቱም ነበር።