ዝባዱ ከየት መጣ?

መርካቶ፣ ሸማ ተራ፣ ነጠላ የሚገዛ ሰው ጨርቁን በጣቱ እያሻሸ ስለ ፈትሉ ይጠይቃል። ማጉ የእጅ ፈትል ነው ወይስ ድርና ማጉ ሁለቱም የፋብሪካ? ዋጋውም በመልሱ ይለያል። አገራችን ለሽቶ መሥሪያ ለዘመናት ወደ ውጭ የላከችው ዝባድ ግን እንዲህ ተጠይቆ አያውቅም። ዝባዱን የሚሰጠው ጥሪኝ በሰው እጅ ተወልዶ ያደገ ነው ወይስ ከጫካ በወጥመድ የተያዘ?

ከጫካ ነው። በጅማ፣ በኢሉባቦርና በወለጋ ከአባት ወደ ልጅ በተላለፈው ሙያ የሚያዘው በአብዛኛው ወንዱ ነው፤ የወንዱ ሽታ ይበልጥ ይጠነክራል ይባላል። ሴቷም ዝባድ አላት፤ ግን አትፈለግም። ሴት በሌለችበት ቤት ዘር ስለማይተካ አንዱ ሲሞት ሌላው ከዱር ይመጣል።

እንስሳው እንደልብ መዞር በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ሳጥን ይኖራል። ሙቀት ዝባዱን ያበዛል ተብሎ ቤት ውስጥ እሳት ይነድዳል። በየዘጠኝ፣ በየአሥር ቀኑ ጅራቱንና የኋላ እግሮቹን ይዘው ከጅራቱ ሥር ያለውን ዕጢ ይጨምቃሉ። የወጣው ዝባድ በቀንድ ታሽጎ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ከዚያም በአዲስ አበባ ላኪዎች በኩል በተለይ ወደ ፈረንሳይ ሽቶ ሠሪዎች ይሄዳል። አንድ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር በ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ባወጣው የምርመራ ዘገባ መሠረት፣ ከተያዙት ጥሪኞች ከመቶ 40 ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ይሞታሉ። ጥሪኝ በሌሊት ብቻውን የሚዞር፣ በዚያው ዝባድ ክልሉን የሚያመለክት፣ የጫካ ፍሬ በልቶ ዘሩን የሚበትን እንስሳ ነው። ስለ ገቢውና ስለ ውጭ ምንዛሪው የሚነገረው ሁሉ ይህን ሞት አይሸፍንልኝም።

ንግዱ ያረጀ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አባ ባጊቦ ሊሙ እናርያን ሲገዙ፣ ዝባድ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር እስከ ጎጃም ባሶ ገበያ ይወጣ፣ ከዚያ በጎንደር አልፎ ምጽዋ ይደርስ ነበር። በ1926 እ.ኤ.አ. ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ የዝባድን ዋና የሽታ ንጥረ ነገር አወቃቀር አወቀ፤ በ1939ም ለኖቤል ሽልማት በቃ። ከዚያ በኋላ በላቦራቶሪ የተሠራው ዝባድ ገበያውን እየወሰደ መጣ። ሽቶ ሠሪው ሻኔልም በ1998 እ.ኤ.አ. የተፈጥሮ ዝባድ መጠቀሙን እንዳቆመ አስታውቋል።

ገበሬውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ቡናው ዋጋ ሲያጣ ቤቱን የሚደጉመው ይኸው ቀንድ ነው። ጥሪኝም ሊጠፋ የተቃረበ እንስሳ አይደለምና «ቢያዝ ምን አለበት?» የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር ግን ስለ ጫካው ቁጥር እንጂ ሳጥን ውስጥ ስላለው እንስሳ አያወራም።

ከዱር መያዝን በማርባት መተካት እንደሚቻል የኤሊ ንግድ ያሳያል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1984 እ.ኤ.አ. ከሜዲትራኒያን አካባቢ በገፍ እየተለቀሙ ለቤት እንስሳነት ይሸጡ የነበሩትን የየብስ ኤሊዎች ንግድ ዘጋ። ኤሊ ወዳዱ ግን አልጠፋም፤ አርቢዎች እንቁላል ማስፈልፈል ያዙ። ጥሪኝም በውጭ የእንስሳት ማቆያዎች ወልዷል። ማርባቱ ብርቱ ልፋት፣ ሰፊ ግቢና ሴት ጥሪኝ ይጠይቃል፤ ከወጥመድ ይልቅ ይዘገያል፣ ወጪውም ይበዛል።

አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳትን መጠቀም በፈቃድ እንዲሆን ያዝዛል። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን እና ክልሎች ፈቃድ ሲሰጡና ሲያድሱ ለእያንዳንዱ ጥሪኝ የትውልድ መዝገብ ይጠይቁ፤ የወላጆቹን መዝገብ ማሳየት ለማይችል አዲስ ፈቃድ አይስጡ፤ ሽግግሩንም ለገበሬው በብድርና በእንስሳት ሐኪም ይደግፉ። የሚገዛ የውጭ ድርጅትም ያንን መዝገብ ሳያይ አንድ ቀንድ አይረከብ።